እታለምን ማን ያውቃታል?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በአካባቢው የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወላጆቻችን እያረጁብን ነው። ቀደም ብለው በስደት የመጡት ጡረታ ወጥተዋል፤ የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ የመጡት እናቶችም እዚሁ ቀርተዋል። ከእነሱ መካከል የመርሳት በሽታ የያዛቸው ጥቂቶች አይደሉም። ቤተሰብ እስከቻለ ድረስ በቤቱ ይይዛል። ከዚያ አንድ ሌሊት እናት በቢጃማ በር ከፍተው ይወጣሉ፣ ወይም የተጣደው ድስት ተረስቶ ቤቱ በጭስ ይታፈናል፣ ወይም አባት ወድቀው ሆስፒታል ይገባሉ። ያን ጊዜ ስልኬ ይደወላል። ደዋዩ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ሰላምታው ይረዝማል፣ በመጨረሻ ጥያቄው ይመጣል፦ «አክስትህ ያሉበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት እንዴት ነው? ጥሩ መሆኑን በምን አወቅህ?»

እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። እዚያ ቤት እናትህን ማን ያውቃቸዋል? የሚያውቃቸው ሰውስ እስከ መቼ እዚያ ይቆያል? የሕንጻው አዲስነት፣ የኮከቡ ብዛት፣ የክፍሉ ስፋት ከዚህ በኋላ የሚታይ ነው። የመርሳት በሽታ የጸናበት ሰው «አመመኝ»፣ «ራበኝ»፣ «ይህን አልበላም፣ ጾም ነው» ብሎ ለማያውቀው ሰው ማስረዳት አይችልም። ስለዚህ ስለ እሱ የሚታወቀው ነገር ሁሉ በሌላ ሰው ጭንቅላት ውስጥ መኖር አለበት። ያ ሰው ሥራውን ለቆ ሲሄድ እውቀቱም አብሮት ይሄዳል።

እታለም የአባቴ ታናሽ እህት ናት። የራሷ ልጅ የላትም፤ ያሳደገችው እኔንና እህቴን ነው። አልዛይመር ነው የተባለው። በቤታችን አቆየናት፤ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ የማትተኛበት፣ እኛንም ሌባ እያለች የምትፈራበት ጊዜ መጣ። ወደ መንከባከቢያ ስትገባ አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶቻችን ተቆጡ። አልፈርድባቸውም። እኛ አገር ስለ አረጋውያን ማዕከል ሲነሳ መጀመሪያ ወደ ሐሳብ የሚመጣው መቄዶንያ ነው፤ ብንያም በለጠ ጎዳና ላይ የወደቁትን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን እያነሳ የሚጦርበት ቦታ። ሰው የሌለው ሰው የሚገባበት እንጂ ልጅ ያለው የሚገባበት አይደለም። ስለዚህ «ነርሲንግ ሆም አስገባናት» ማለት በዘመድ ጆሮ «ጣልናት» ማለት ሆኖ ይሰማል። ይህ ኀፍረት ክፉ ውጤት አለው፤ አስቀድመን እንዳንጠይቅና እንዳንነጋገር ያደርገናል። ቤት የምንመርጠው ሆስፒታሉ ሊያስወጣቸው ሲል፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ የቤቶች ዝርዝር ሰጥታ «እስከ ነገ ንገሩኝ» ስትለን ነው። በአንድ ቀን የሚመረጠው ደግሞ ለሥራ ቦታችን የቀረበው ወይም በራፉ ያማረው ነው። ስለዚህ ጥያቄው የሚጠየቀው ሰውየው ገና በእግሩ እየሄደ፣ ቤተሰቡም ገና እየተኛ ሳለ ቢሆን ይሻላል።

አንድ ነገር ላስቀድም። እዚህ አሜሪካ ሁለት ዓይነት ቤት አለ፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። አንደኛው ነርሶች የሚንከባከቡበት የነርሲንግ ሆም ነው፤ ከሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) እና ከሜዲኬድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው) ገንዘብ የሚቀበል ሁሉ በፌዴራል መንግሥት ደንብ ሥር ነው። ሁለተኛው በዕለት ኑሮ እርዳታ የሚሰጥበት መኖሪያ፣ «አሲስትድ ሊቪንግ» የሚባለው ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ለመርሳት ሕሙማን የተለየ የተቆለፈ ክንፍ አለው። ይህኛው የሚተዳደረው በየግዛቱ ሕግ ነው፤ ኮከብ የሚሰጠው የሜዲኬር ድረ ገጽ ላይም አይገኝም። ቨርጂኒያ ውስጥ የሚቆጣጠረው የግዛቱ የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው፤ የምርመራ ሪፖርቱንም በድረ ገጹ ያወጣል። ሜሪላንድ ውስጥ ተቆጣጣሪው የጤና እንክብካቤ ጥራት ቢሮ ነው። አሲስትድ ሊቪንግን የምትመርጡ ከሆነ በግዛቱ በኩል ፈልጉ። ክፍያውም ይለያያል፤ ሜዲኬር የረጅም ጊዜ ኑሮን አይከፍልም፣ ከሆስፒታል በኋላ ላለው የሕክምና ማገገሚያ ቢበዛ እስከ 100 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ወይ ከኪስ ነው ወይ ሜዲኬድ፤ ሜዲኬድ ደግሞ ያለፉትን 5 ዓመታት የንብረት ዝውውር ወደ ኋላ ሄዶ ያያል። የእናታችሁን ቤት በስማችሁ ከማዛወራችሁ በፊት ይህን የሚያውቅ ጠበቃ አነጋግሩ። በዚህ አልቆይም።

ወደ ኮከቡ እንምጣ። ከ2008 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የፌዴራል መንግሥቱ ለእያንዳንዱ የነርሲንግ ሆም ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል፤ «ኬር ኮምፔር» የሚባለው የሜዲኬር ገጽ ላይ ይገኛል። ኮከቡ ከሦስት ነገሮች ይቀመማል፦ ከመንግሥት ምርመራ፣ ከሠራተኛ ብዛትና ከጥራት መለኪያዎች። ሦስቱ እኩል እምነት አይጣልባቸውም። የጥራት መለኪያዎቹ በአብዛኛው ቤቱ ራሱ ስለ ነዋሪዎቹ ሞልቶ ከሚልከው ቅጽ የሚወጡ ናቸው፤ ስለዚህ አምስት ኮከብ በዚህ ብቻ የመጣ ከሆነ አልደነቅም። የሠራተኛው ቁጥር ግን ከ2018 ጀምሮ ከደመወዝ መዝገብ ነው የሚወሰደው፤ ደመወዝ ደግሞ ለሌለ ሰው አይከፈልም።

እዚያ ውስጥ ዝቅ ብላችሁ ስትወርዱ ከ2022 ጀምሮ የሚታዩ ሁለት ቁጥሮች ታገኛላችሁ፤ እኔ አንድ ቤት ስመለከት በቀጥታ የምሄደው ወደ እነሱ ነው። አንደኛው በዓመት ውስጥ ከነርሶችና ከረዳቶች ምን ያህሉ ሥራ እንደለቀቁ የሚያሳየው ነው። ሁለተኛው የቅዳሜና የእሑድ የሠራተኛ ሰዓት ነው። አጠገቡ የግዛቱና የአገሪቱ አማካይ ስላለ ማወዳደር ቀላል ነው። በዓመት ከመቶ ስድሳ ወይም ሰባ ሠራተኛ የሚለቅበት ቤት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ፋሲካ ላይ እናታችሁን የሚያጥብ ሰው ገና ላይ የለም። አዲሷ ረዳት እናታችሁ ውኃ ቀዝቀዝ ሲል እንደሚጮኹ፣ መድኃኒት የሚውጡት በማር ብቻ እንደሆነ፣ ግራ ትከሻቸው እንደሚያማቸው አታውቅም። ትማራለች፤ ከዚያ እሷም ትሄዳለች። አስተዳዳሪው ስንት ጊዜ እንደተቀያየረም እዚያው ተጽፏል።

አንዳንዱ ሰው «መንግሥት ዝቅተኛውን የሠራተኛ ቁጥር ወስኖ የለም እንዴ?» ይለኛል። ወስኖ ነበር። በ2024 የወጣው ደንብ ለእያንዳንዱ ነዋሪ በቀን 3.48 የነርስና የረዳት ሰዓት ይጠይቅ ነበር። በሚያዝያ 2025 ቴክሳስ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዋና ክፍሉን ሻረው፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ኮንግረሱ ያወጣው ሕግ ደግሞ ተግባራዊነቱን እስከ 2034 ገፋው፤ በዓመቱ መጨረሻም መንግሥት ራሱ ደንቡን ሰረዘው። ስለዚህ ቁጥሩን እየተመለከተ የሚጨነቀው ቤተሰብ ራሱ ነው። የነርሲንግ ሆሞች በየፈረቃው መጀመሪያ ስንት ነዋሪ እንዳለና ስንት ነርስና ረዳት እንደገባ የሚገልጽ ወረቀት በሚታይ ቦታ የመለጠፍ ግዴታ አለባቸው። ግድግዳው ላይ ፈልጉት። የትናንቱ ወይም የባለፈው ሳምንቱ ተለጥፎ ካገኛችሁ ያም ራሱ ይናገራል።

የምርመራ ሪፖርቱን ሰው አያነብም፤ አንብቡት። መርማሪዎች ሳያሳውቁ ይመጣሉ፤ በሁለት ምርመራ መካከል ከ15 ወር በላይ እንዲያልፍ አይፈቀድም። የመጨረሻው ሪፖርት ነዋሪው ሳይጠይቅ ሊያገኘው በሚችል ቦታ መቀመጥ አለበት። ጥፋቶቹ ከኤ እስከ ኤል በፊደል ይመደባሉ፤ ጂ ላይ ሲደርስ በሰው ላይ ጉዳት ደርሷል ማለት ነው፣ ከጄ ጀምሮ ደግሞ ሕይወትን ለአደጋ የሚያጋልጥ ነው። ከፊደሉ ይበልጥ ግን ትረካው ነው የሚያስተምረው። መርማሪው «በዚህ ሰዓት ነዋሪዋ ምግቧ ፊቷ ቀርቦ ማንም ሳያጎርሳት ተቀምጣ ነበር፤ ከዚህ ያህል ደቂቃ በኋላ ሠራተኛው ትሪውን አነሳ» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ያለው አንድ አንቀጽ ከሙሉ የማስታወቂያ መጽሔት ይበልጣል። ገጹ ላይ በቀይ ክብ ውስጥ የእጅ ምልክት ካያችሁ በዚያ ቤት ከጥቃት ጋር የተያያዘ ጥፋት ተገኝቷል ማለት ነውና ምን እንደሆነ ሳታውቁ አትለፉ።

ከዚያ በአካል መሄድ ነው። የጉብኝት ቀጠሮ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ረፋድ ላይ ነው፤ ሁሉም ታጥቦ፣ ቁርስ በልቶ፣ የመዝናኛ ሠራተኛዋ ኳስ የምታስወረውርበት ሰዓት። እሱንም እዩት፤ ነገር ግን ደግማችሁ በእራት ሰዓት ሂዱ፤ በተለይ እሑድ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ የመርሳት ሕሙማን ብዙዎቹ ይረበሻሉ፤ «ቤቴ ልሂድ» ይላሉ፣ በሩን ይደበድባሉ። ሠራተኛውም የሚያንስበት ሰዓት ያ ነው። ለእናታችሁ ሲገጥማቸው የምትፈልጉትን ትዕግሥት ለሌላ ሰው ሲሰጥ ወይም ሲነፈግ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

እኔ የማየው ማጉረሱን ነው። እኛ ጉርሻ እናውቃለን፤ ሰው ሲያጎርስ ዓይኑን ወዴት እንደሚያደርግ እናውቃለን። አንዱ ቤት ውስጥ አንዲት ረዳት በሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች መካከል ቆማ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ማንኪያውን ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እያመላለሰች፣ ቴሌቪዥን ስታይ አየሁ። አዛውንቱ የመጀመሪያውን ገና አልዋጡም ነበር፤ ሁለተኛው ከንፈራቸው ላይ ደርሶ ፈሰሰ፤ በማንኪያው ጠርዝ አገጫቸውን ጠረገችና መልሳ ወደ አፋቸው አደረገችው። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ብቻዋን ነበረች። በሌላው ቤት ረዳቷ በርጩማ ስባ ተቀመጠች፤ ዓይን ለዓይን ሆነች። ማንኪያውን አሳየቻቸው፣ ጠበቀች፣ አፋቸው ሲከፈት ሰጠች፣ ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ አይታ ሌላ ቆረሰች። በዚህ በሽታ መጨረሻ ላይ ትንታ ወደ ሳንባ ምች የሚወስድ መንገድ ነው፤ ስለዚህ ይህ ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን ሕክምናም ነው። የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበርም በሽታው ለጸናበት ሰው በቱቦ ከመመገብ ይልቅ በእጅ በጥንቃቄ ማጉረስን ይመክራል። እንዲህ ለማጉረስ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጊዜ ማለት ደግሞ ያ ከደመወዝ መዝገብ የወጣው ቁጥር ነው።

ከረዳቶቹ ጋር ስትነጋገሩ «ጥሩ ነው?» አትበሉ፤ ሥራቸውን የሚያሳጣ መልስ አይሰጧችሁም። «ዛሬ ስንት ሰው ያዝሽ? ነገስ እነዚህኑ ነው የምትይዢው?» በሉ። ጥሩ ቤት አንዱን ረዳት ከእነዚያው ነዋሪዎች ጋር ያቆያል፤ ሌላው በየቀኑ እያዘዋወረ ይመድባል። ሁለተኛው ለአስተዳዳሪው ይመቸው ይሆናል። ለሕመምተኛዋ ግን በየማለዳው የማታውቀው ሰው መጥቶ ልብሷን ያወልቃል ማለት ነው።

እታለም መጀመሪያ የገባችበት ቤት በራፉ ላይ ፒያኖና የዓሣ ገንዳ ነበረው። እሷ ያደገችው ደብረ ብርሃን አጠገብ ነው፤ ፈትል ፈታይ ነበረች። ወይዛዝርት ለቀሚሳቸው ድር የሚያስፈትሉት እሷ ዘንድ ነበር፤ ቅጥነቱ ስለሚደነቅ። በሽታው ብዙ ነገር ወስዶባት እጇን አልወሰደባትም። ስትቀመጥ ግራ እጇ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ከፍ ይላል፣ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ የሌለ ነገር ያሻሻሉ፣ ቀኝ መዳፏ ጭኗ ላይ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ድንገት ትቆማለች፣ የተቆረጠውን ትቀጥላለች፣ ትመለሳለች። ባዘቶ ስለሌላት ከብርድ ልብሱ ጫፍ ክር ትመዛለች። መዝገቧ ላይ የተጻፈው «እረፍት የላትም፣ ልብስ ትተለትላለች» የሚል ነበር። በየሳምንቱ የተለያየ ሰው የሚገባበት ቤት ስለነበር የአንዱ ማስታወሻ ለሚቀጥለው እውነት ይሆናል። ከጊዜ በኋላ ስንሄድ እጇ ቆሞ፣ አንገቷ ተሰብሮ፣ ምራቋ እየወረደ አገኘናት። ኩዌታፒን የሚባል መድኃኒት ታዝዞላት ነበር።

ይህ መድኃኒት የተሠራው ለስኪዞፍሬኒያና ለመሰል ከባድ የአእምሮ ሕመሞች ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2005 ይህንና የዚህ ዓይነቶቹን አዳዲስ መድኃኒቶች፣ በ2008 ደግሞ የቀድሞዎቹን ጭምር፣ የመርሳት በሽታ ላለባቸው አረጋውያን የሞት አደጋ ይጨምራሉ ብሎ በጥቁር ሳጥን የታጠረ ማስጠንቀቂያ አስጽፎባቸዋል። ማስጠንቀቂያው በተመሠረተባቸው ጥናቶች አስር ሳምንት ገደማ በሚቆይ ሙከራ ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱት 4.5 በመቶ፣ ካልወሰዱት 2.6 በመቶ ያህሉ ሞተዋል። ፈጽሞ አይሰጥ ማለቴ አይደለም፤ ሰው በከባድ ፍርሃት ሲሠቃይ ወይም ሌላውን ሲጎዳ ሐኪም አመዛዝኖ ያዝዘዋል። ነገር ግን ከ1987 ጀምሮ የፌዴራል ሕጉ ለሠራተኛ ምቾት ሲባል ሰውን በመድኃኒት ማሰርን ይከለክላል። ኬር ኮምፔር ላይም ከነዋሪዎቹ ምን ያህሉ እነዚህን መድኃኒቶች እንደሚወስዱ ተጽፏል። እዚህ ላይ አንድ ማታለያ ነበር፤ ስኪዞፍሬኒያ አለባቸው የተባሉት ከቁጥሩ ስለሚወጡ አንዳንድ ቤቶች የሌለ ሕመም እየጻፉ ቁጥራቸውን አሳምረዋል። በ2023 መንግሥት ይህን መመርመር ጀመረ፤ የተገኘበትን ቤት የጥራት ኮከብ ወደ አንድ ያወርዳል። የዘመዳችሁን መዝገብ ስታዩ የማታውቁት የአእምሮ ሕመም ስም ተጽፎ ካገኛችሁ «ይህን ማን መረመረ? መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ።

መድኃኒቱ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ተቀነሰላት። ወደ ሌላ ቤት አዛወርናት። የአሁኑ ሕንጻ ያረጀ ነው፤ ምንጣፉ ተበልቷል፣ ሊፍቱ ያንቋርራል። የሠራተኛ መልቀቅ ቁጥሩ ግን ከግዛቱ አማካይ በጣም ያነሰ ነበር። ከሴራሊዮን የመጣች አንዲት ረዳት እታለምን ለጥቂት ቀናት ስታያት ሰንብታ ነበርና ወደ እኔ መጥታ «እጇ ሥራ እየሠራ ነው፤ ሥራው ምንድን ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ከኢትዮጵያ ሱቅ ባዘቶና እንዝርት ገዛንላት፤ እንዝርቱ ሾጣጣ ስለሆነ ቀርቶ ባዘቶው ብቻ ተሰጣት። ከጭኗ ላይ አይጠፋም። ብርድ ልብሱ ዳነ። ረዳቷም በእንክብካቤ ዕቅዱ ላይ «ከእራት በፊት ጥጥ ስጧት፤ ስትፈትል አታቋርጧት» የሚል አስጻፈች። ያ ዐረፍተ ነገር እሷ በማትገባበት ቀን እንኳ ይሠራል።

መጾሟም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ቤት «ምግብ እምቢ ትላለች» ብሎ ጽፎ ክብደቷ ሲወርድ የወተት መጠጥ አዘዘላት። እታለም ቀኑን አታውቅም፤ «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ትላለች፣ በአማርኛ። የሚመልስላት ሲጠፋ ለነፍሷ ጠንቀቅ ብላ ጾም ነው ትልና ወተቱንም እንቁላሉንም ትተዋለች። አሁን ባለችበት ቤት በጾም ቀን የጾም ይቀርብላታል። በሌላው ቀን ረዳቷ የተማረቻት አንዲት የአማርኛ ቃል አለች፣ «ፍስክ ነው፣ ፍስክ»፤ አክስቴም አማትባ ትበላለች። ክብደቷ ተመልሷል። ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት አልጨመረም።

ወንድ ረዳት ሊያጥባት ሲገባ «አትንካኝ» ብላ መማታቷም «ጠበኛ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሰባ ዓመት ሙሉ ገላዋን ለወንድ ያላሳየች ሴት ምን ታድርግ? ሴት ረዳት ተመድባላት ጸቡ ቀረ። ስለዚህ ቤት ስትመርጡ ሥራ አስኪያጁን «የሚታገልና የሚማታ ሰው ሲገጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በጥሞና አዳምጡ። ወዲያው ስለ መድኃኒት የሚያወራ አለ። ሌላው «መጀመሪያ ለምን እንደሆነ እንፈልጋለን፤ ሕመም፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ድርቀት፣ ፍርሃት» ብሎ ይጀምራል። ዘመዴን ለሁለተኛው እሰጣለሁ። የሕመም ጉዳይ በተለይ ይጠየቅ፤ መናገር የማይችልን ሰው ሕመም ከአተነፋፈሱ፣ ከማቃሰቱ፣ ከፊቱ፣ ከሰውነቱ አኳኋንና ሲያባብሉት መረጋጋት አለመረጋጋቱን አይቶ የሚለካ ዘዴ አለ፤ ነርሷ ይህን እንደምትጠቀም ትንገራችሁ።

ስለ ቋንቋ። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ ኋላ የተማሩትን ቋንቋ ቀድሞ ይወስዳል፤ ሠላሳ ዓመት በእንግሊዝኛ የሠራ ሰው ወደ አማርኛው፣ ወደ ኦሮምኛው፣ ወደ ትግርኛው ይመለሳል። ከሜዲኬርና ከሜዲኬድ የሚቀበል ቤት በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ የስልክ አስተርጓሚም ቢሆን። ሐኪም ሲመጣ ይህን መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ቤቶች የእኛ ልጆች በረዳትነት በብዛት ይሠራሉ፤ አንዳንዱ ቤተሰብም «ሐበሻ አለች ወይ?» ብሎ ብቻ ይወስናል። ደስታው ይገባኛል። ነገር ግን ያቺ ልጅ በሁለት ቤት ድርብ ፈረቃ የምትሠራ፣ ነርሲንግ ትምህርቷን ስትጨርስ የምትሄድ ናት። አንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ እንክብካቤ ያ ሰው ሲታመም ይወድቃል። ሴራሊዮናዊቷ ረዳት አማርኛ አትችልም፤ እታለምን የምታውቃት ግን እሷ ናት።

መውደቅን በተመለከተ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። «እዚህ ቤት ማንም አይወድቅም» ተብሎ የተነገረው ሰው ይደሰታል፤ እኔ ግን ይህን ስሰማ «ታዲያ ማን ይራመዳል?» እላለሁ። ሰውን ቀኑን ሙሉ ጥልቅ ወንበር ላይ አስቀምጦ እንዳይወድቅ ማድረግ ቀላል ነው። ጡንቻው ይሟሽሻል፣ መቀመጫው ይቆስላል፣ ዳይፐሩ ሲርስ ማንም አያውቅም። ጥሩ ቤት ውስጥ የሚንጎራደድ ሰው አለ፤ መተላለፊያው ዞሮ ይመልሰዋል እንጂ ግድግዳ ላይ አያቆመውም። አልፎ አልፎም ይወድቃል፤ ያን ቀን ይደወልላችኋል፣ እንዴት እንደወደቀም ይነገራችኋል።

ከገቡ በኋላ ሥራው አያልቅም። በነርሲንግ ሆም በ48 ሰዓት ውስጥ መነሻ የእንክብካቤ ዕቅድ ሊሠራ፣ በ14 ቀን ውስጥ ሙሉ ግምገማ ሊደረግ፣ ከዚያም ቢያንስ በየሦስት ወሩ ሊታይ ይገባል። ቤተሰብ እንዲገኝ ይጋበዛል፤ ብዙዎቻችን በሥራ ምክንያት እንቀራለን። እኔ ፈረቃዬን አስቀይሬ እሄዳለሁ። እኔና እህቴ ስለ እታለም አንድ ገጽ ጽፈን አልጋዋ አጠገብ ለጥፈናል፦ ምን እንደምትባል፣ ምን እንደሠራች፣ ማንን እንደምትጣራ፣ ስትፈራ ምን እንደሚያረጋጋት። የቅርብ ቤተሰብ ነዋሪው እስከፈቀደ ድረስ በማንኛውም ሰዓት መግባት ይችላል፤ የጥየቃ ሰዓት አልፏል የሚል ካለ ደንቡን አስታውሱት። ችግር ሲኖር መጀመሪያ ነርሷን፣ ከዚያ የነርሶቹን ኃላፊ። ካልሆነ በየግዛቱ ለእነዚህ ቤቶች ነዋሪዎች የቆመ እንባ ጠባቂ አለ፤ አገልግሎቱ በነጻ ነው፤ ያለ ነዋሪው ወይም ያለ ወኪሉ ፈቃድም ስም አያወጣም። ቁጥሩ ቤቱ ውስጥ መለጠፍ አለበት። «ብናመለክት ይበቀሏታል» የሚለውን ፍርሃት ከብዙ ቤተሰብ ሰምቻለሁ፤ እንባ ጠባቂውም የሚያውቀው ፍርሃት ነውና ስትደውሉ እሱኑ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ሰሞኑን እታለም ያለችበት ቤት ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ሰምተናል። የቤቶቹ ባለቤትነት አሁን በይፋ ስለሚወጣ ገዢው ማን እንደሆነ፣ ሌሎቹ ቤቶቹ ስንት ሠራተኛ እንደሚለቅባቸው ለማየት ጀምሬያለሁ፤ ያየሁት ሁሉ አልጣመኝም። ረዳቷን ስጠይቃት ገና እንዳልወሰነች፣ አዲሶቹ ደመወዝ ይቀንሳሉ የሚል ፍርሃት እንዳለ ነገረችኝ። በሚቀጥለው የዕቅድ ስብሰባ ላይ ከምግቧና ከመድኃኒቷ በፊት የማነሳው ይህንን ነው፦ እሷና ጓደኞቿ እንዲቆዩ ምን ታስቧል? ሌሎቹን ቤተሰቦች አነጋግሬ በቤተሰብ ምክር ቤት ስም በጽሑፍ እንድናስገባው ተስማምተናል፤ ምክር ቤት ማቋቋም መብታችን ነው። ደብዳቤውን እህቴ እየጻፈችው ነው።